በቅድመ ምርጫ የባከነ ድምፅ የለም

አሜሪካ ውስጥ የፕሬዚዳንት ምርጫ በመጣ ቁጥር ቢያንስ አንድ ዕጩ ላይ የምትፈረድ ፍርድ አለች፤ “ሰውዬው የሚናገረው ልክ ነው፣ ግን አያሸንፍም” የምትል። ይህን የሚፈርዱት የቴሌቪዥን ተንታኞች ብቻ አይደሉም። በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ ካፌዎች ፖለቲካ የሚያነሱ ትውልደ ኢትዮጵያውያን ዜጎችም፣ ልባቸው አንዱ ጋ እያለ፣ ድምፃቸውን የፓርቲው ትልልቆች ወደ ባረኩት ሰው ይዘው ይሄዳሉ። በኖቬምበሩ ዋና ምርጫ ይህ ስሌት ያስኬዳል፤ የማሸነፍ ዕድል ያለው ሁለት ሰው ብቻ በሆነበት ፉክክር ሦስተኛውን መምረጥ የማይፈልጉትን ሰው ዋይት ሐውስ ሊያስገባ ይችላል። በቅድመ ምርጫ፣ እዚያ ያሉት ወገኖቻችን ፕራይመሪ በሚሉት፣ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ክርክሩ የአንድ ቤት ልጆች ክርክር ነው፤ ተሸናፊውም ያገኘውን ድምፅ ቆጥሮ ይዞ ወደ ፓርቲው ጉባኤ ይገባል። ስለዚህ ከዳር የመጣ፣ የፓርቲው አለቆች ያላሰቡት ዕጩ አንድ መራጭ የሚያምንበትን ነገር ይዞ ከቀረበ፣ ያሸንፋል አያሸንፍም ሳይባል በቅድመ ምርጫ ድምፅ ሊሰጠው ይገባል እላለሁ።

ከ1968 እንጀምር (በዚህ ጽሑፍ፣ ካልተገለጸ በቀር፣ ዓመታቱም ወራቱም በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። የቬትናም ጦርነት ተፋፍሞ ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ለዳግም ምርጫ ሲጠበቁ፣ የሚኒሶታው ሴናተር ዩጂን መካርቲ ጦርነቱ ይቁም ብለው ከገዛ ፓርቲያቸው፣ ከዴሞክራቶች፣ ተነሱባቸው። በሥልጣን ላይ ያለን ፕሬዚዳንት በቤቱ መገዳደር ያኔም እንደ ዕብደት የሚታይ ነበር። ማርች 12 በተካሄደው የኒው ሃምፕሸር ምርጫ መካርቲ 42 ከመቶ ገደማ፣ ጆንሰን 49 ከመቶ ገደማ አገኙ። መካርቲ ተሸነፉ ማለት ነው። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ፣ ማርች 31 ማታ፣ ጆንሰን በቴሌቪዥን ቀርበው ዳግም እንደማይወዳደሩ ተናገሩ። በኦገስቱ የቺካጎ ጉባኤ ዕጩነቱን የወሰዱት ግን መካርቲ ሳይሆኑ፣ በአንድም ቅድመ ምርጫ ያልተወዳደሩት ምክትል ፕሬዚዳንት ሂዩበርት ሃምፍሪ ነበሩ። ዕጩውን በጉባኤው ከሚመርጡት ተወካዮች አብዛኞቹ ለየግዛቱ የፓርቲ ሹማምንት ቃል የሚያድሩ ነበሩና ሃምፍሪ ከመራጩ ፊት መቅረብ አላስፈለጋቸውም። ለእኛ አንባቢ ይህ ባዳ ነገር አይደለም፤ በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 2010 የኢሕአዴግ ሊቀ መንበር፣ በዚያውም የአገሪቱ ጠቅላይ ሚኒስትር፣ የተለየው 180 አባላት ባሉት ምክር ቤት ዝግ ስብሰባ ነበር። ቺካጎ ላይ የተሸነፉት ወገኖች ግን በእጃቸው ቁጥር ነበራቸው። ይህን ያህል ሕዝብ መርጦን እንዴት አንድም ቦታ ያልተመረጠ ሰው ይሾምብናል ብለው አፋጠጡ። ፓርቲው የተወካዮችን አመራረጥ የሚያሻሽል ኮሚሽን ለማቋቋም ተገደደ፤ ዛሬ በየግዛቱ የሚካሄደው ቅድመ ምርጫም በአመዛኙ ከዚያ ኮሚሽን ሥራ የመጣ ነው።

ከሁሉም ይበልጥ የሚያስተምረው ግን የቄስ ጄሲ ጃክሰን ጉዳይ ይመስለኛል። በ1984 ሲወዳደሩ ከድምፁ 18 ከመቶ ገደማ ቢያገኙም፣ ከተወካዮቹ የደረሳቸው ድርሻ ከዚያ በእጅጉ ያነሰ ነበር። በየወረዳው አንደኛ የወጣው ብዙውን ጠቅልሎ እንዲወስድ የሚያደርጉ ደንቦች ስለነበሩ ነው። በ1988 ተመልሰው መጡና ወደ 7 ሚሊዮን የሚጠጋ ድምፅ ሰበሰቡ፤ ሚሺጋንን፣ ቨርጂኒያን፣ ዋሽንግተን ዲሲን አሸነፉ። በመጨረሻ ከማይክል ዱካኪስ ቀጥለው ሁለተኛ ሆኑ። “አያሸንፍም” ያሉት ሰዎች ልክ ነበሩ። ይሁን እንጂ ጃክሰን ወደ ጉባኤው የገቡት ያንን ሁሉ ድምፅ ይዘው ስለነበር፣ የድጋፋቸው ዋጋ አድርገው ከጠየቁት አንዱ ተወካዮች በድምፅ ልክ እንዲከፋፈሉ ነበር፤ ፓርቲውም ተቀበለ። ከዚያ በኋላ በአንድ ግዛት 15 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኘ ዴሞክራት ሁሉ እንደ ድምፁ ተወካይ ይደርሰዋል።

ያ ደንብ ከ20 ዓመት በኋላ ምን እንደሠራ በአንድ ቀን ውጤት ማየት ይቻላል። ፌብሩዋሪ 5 ቀን 2008 ከ20 በሚበልጡ ግዛቶች የዴሞክራቶች ቅድመ ምርጫ ነበር። ሂላሪ ክሊንተን ኒው ጀርሲን አሸነፉ፤ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰው በመረጠበት ግዛት 59 ተወካይ ሲያገኙ ባራክ ኦባማ 48 ደረሳቸው። ልዩነቱ 11 ነው። በዚያው ዕለት 21 ሺህ ገደማ ሰው ብቻ በወጣበት የአይዳሆ ኮከስ (በስብሰባ የሚካሄድ ቅድመ ምርጫ) ኦባማ 15 ለ3 መሩ። እዚህ ልዩነቱ 12 ነው። ትልቁ ግዛት ለክሊንተን ካስገኘላቸው ብልጫ ትንሿ አይዳሆ ለኦባማ ያስገኘችው በለጠ። ያሸነፈ ሁሉንም ይጠቅልል የሚል ደንብ ቢኖር ኖሮ ካሊፎርኒያን፣ ኒው ዮርክንና ፔንሲልቬንያን የወሰዱትን ክሊንተን ማንም አይደርስባቸውም ነበር። በ1988 ለጃክሰን የተሰጠው ድምፅ ባከነ የሚል ሰው ይህን ሒሳብ አልሠራም። የመጀመሪያው ጥቁር ፕሬዚዳንት ያለፉበትን በር ከፊሉን የከፈቱት በሽንፈታቸው የተሳለቀባቸው መራጮች ናቸው።

በርኒ ሳንደርስን በአጭሩ ላንሳ፤ ታሪካቸው ቅርብ ነውና። የቬርሞንቱ ሴናተር በ2016 በአማካይ 27 ዶላር በሚሆን መዋጮ ከ13 ሚሊዮን በላይ ድምፅ አገኙና ተሸነፉ። ከዚያ ምን ቀረ? አንደኛ፣ ያሸነፏቸው ክሊንተን ለአገር አቀፉ ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ 12 ዶላር ሲሉ የቆዩ ቢሆንም፣ የፓርቲው የ2016 የፖሊሲ ሰነድ የሳንደርስን 15 ዶላር ይዞ ወጣ። ሁለተኛ፣ በቅድመ ምርጫ ማንም ሳይመርጣቸው በሹመታቸው ብቻ ጉባኤው ላይ ድምፅ የሚሰጡት ከ700 የሚበልጡ ሱፐር ዴሊጌቶች፣ ከ2018 ወዲህ በመጀመሪያው ዙር የዕጩውን ምርጫ እንዳይወስኑ ተደረገ። በሜሪላንድ ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ 15 ዶላር ነው። ይህን ሳንደርስ ብቻቸውን አላመጡትም፤ ከእሳቸው በፊት የምግብ ቤት ሠራተኞች አድማ መትተውበታል። ነገር ግን በሆቴልና በመኪና ማቆሚያ ተቀጥረው ለሚሠሩ ብዙ ወገኖቻችን ከ“አያሸንፍም” ዕጩ አንደበት በየመድረኩ የተሰማው ቁጥር ዛሬ የደመወዝ ወረቀታቸው ላይ ያለው ቁጥር ነው።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ። ጠንካራው፣ እንዲህ ያለ ዕጩ ድንገት ቢያሸንፍ ፓርቲውን ይዞ ገደል ይገባል የሚለው ነው፤ ምስክር ተደርገው የሚጠሩትም ሁልጊዜ ጆርጅ መክገቨርን ናቸው። በ1972 ሪቻርድ ኒክሰን 49 ግዛት ወስደውባቸው ማሳቹሴትስንና ዋሽንግተን ዲሲን ብቻ ይዘው ቀሩ። ልክ ነው። በ1984 ደግሞ ዴሞክራቶች ምክትል ፕሬዚዳንት የነበሩትን፣ ከፓርቲው እምብርት የወጡትን ዋልተር ሞንዴልን አቀረቡ። ሮናልድ ሬገን 49 ግዛት ወሰዱባቸው፤ የቀራቸው ሚኒሶታና ዋሽንግተን ዲሲ ነበር። ለዚህኛው ሽንፈት ግን የፓርቲ አለቆችን ምርጫ የሚከስስ አልሰማንም። በሌላ በኩል ጂሚ ካርተር በ1976 ሲነሡ አንድ ዘመን የጆርጂያ ገዥ ከመሆናቸው በቀር ከግዛታቸው ውጭ የሚያውቃቸው አልነበረም፤ እሳቸው ግን ፕሬዚዳንት ሆኑ። ማን ያሸንፋል የሚለውን ትንበያ የፓርቲ ሹማምንት ከመራጩ የተሻለ ያውቁታል የሚያሰኝ ነገር ከዚህ ሁሉ አይገኝም።

ሁለተኛው ተቃውሞ መከፋፈልን ይመለከታል። በ2016 በቅድመ ምርጫው ሳንደርስን ከመረጡት 12 ከመቶ ገደማ የሚሆኑት በዋናው ምርጫ ዶናልድ ትራምፕን እንደመረጡ ጥናት አሳይቷል፤ ብዙ ዴሞክራቶችም እስከ ዛሬ ቂም ይዘውበታል። በ2008 ግን ከክሊንተን መራጮች ወደ ሪፐብሊካኑ ጆን መኬን የሄዱት ከዚያ ይበልጡ ነበር፤ ኦባማ አሸነፉ። ደግሞስ በ1980 ካርተርን የጣላቸው የቴድ ኬኔዲ የቅድመ ምርጫ ተቃውሞ ነው ወይስ የዋጋ ንረቱና ቴህራን የታገቱት አሜሪካውያን? በ1992 ጆርጅ ቡሽን የጣላቸው የፓት ቡካነን ዱላ ነው ወይስ ግብር አልጨምርም ብለው የጨመሩት ግብርና የቀዘቀዘው ኢኮኖሚ? ከዳር የሚነሣ ዕጩ ቤቱን አያፈርስም፤ ግድግዳው መሰንጠቁን ቀድሞ የሚናገር ነው እንጂ።

ለዚህ ከ2024 የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም። ኦክቶበር 2023 ላይ ዲን ፊሊፕስ የተባሉ የሚኒሶታ የኮንግረስ አባል፣ ፕሬዚዳንት ጆ ባይደን ዕድሜያቸው ገፍቷልና ሌላ ሰው ይቅረብ ብለው ተነሡ። ፓርቲው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። የፍሎሪዳ ዴሞክራቶች ከባይደን ስም በቀር ሌላ ስም አላስመዘገቡምና በግዛቲቱ የዴሞክራቶች የፕሬዚዳንት ቅድመ ምርጫ ጭራሽ አልተካሄደም። ፊሊፕስ በኒው ሃምፕሸር 20 ከመቶ ገደማ አግኝተው ማርች ላይ ከፉክክሩ ወጡ። ጁን 27 ባይደን በቴሌቪዥን ክርክሩ ሲደነቃቀፉ ሁሉም አየ፤ ጁላይ 21 ባይደን ራሳቸው ወጡ። ያኔ በየቴሌቪዥኑ “እኛም ተጠራጥረን ነበር” የሚል ባለሥልጣን በዛ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። ካማላ ሃሪስ አንድም ቅድመ ምርጫ ሳይወዳደሩ ዕጩ ሆኑ፤ ለዘመቻ የቀራቸውም 107 ቀን ነበር። ፊሊፕስ ጥሩ ፕሬዚዳንት ይሆኑ ነበር እያልኩ አይደለም፤ ይሆኑ ነበር ብዬም አላምንም። ነገር ግን በጃንዋሪና በፌብሩዋሪ ብዙ ዴሞክራት ድምፁን ሰጥቷቸው ቢሆን ኖሮ፣ ፓርቲው በጁላይ የሰማውን ከወራት በፊት ይሰማው ነበር።

ይቀራል አንድ ተቃውሞ፤ እኔም ቀላል አድርጌ የማላየው። ከዳር የመጣ ዕጩ ሁሉ መካርቲ አይደለም፤ በ2016 ሪፐብሊካኖች በር ሲከፍቱ የገቡት ትራምፕ ናቸው ይባላል። እዚህ ላይ ሁለት ነገር መለየት አለበት። የመጀመሪያው የቆጠራው ደንብ ነው። ትራምፕ በደቡብ ካሮላይና 32.5 ከመቶ ድምፅ አግኝተው 50ውንም ተወካይ ወሰዱ፤ እስከ ኤፕሪሉ የኒው ዮርክ ምርጫ ድረስ በአንድም ግዛት ከግማሽ በላይ ድምፅ አላገኙም ነበር። ተቃዋሚዎቻቸው ድምፅ ተከፋፍለው ሳለ አንደኛው ጠቅልሎ እንዲወስድ የፈቀደው ደንብ ነው መንገዱን ያሳጠረላቸው። ሁለተኛው የዕጩው ማንነት ነው። ከአለቆች ክበብ ውጭ መሆን አንድ ነገር ነው፤ ከመንግሥት ሥራ ውጭ መሆን ሌላ። መካርቲ ሴናተር ነበሩ፣ ካርተር አገረ ገዥ፣ ሳንደርስ ኮንግረስ ከገቡ 25 ዓመት ያለፋቸው ሰው፤ በምን ጉዳይ ምን ድምፅ እንደሰጡና ምን እንደፈረሙ ተመዝግቦ የሚገኝ ነበር። ትራምፕ እስከ 2016 በሕዝብ ሥልጣን ላይ አንድ ቀን አልሠሩም። ከዳር የመጣን ዕጩ ለመደገፍ የሚያስብ ሰው መጀመሪያ ማየት ያለበት ይህን መዝገብ ነው፤ መዝገብ የሌለውን ማለፍ መብቱ ነው፤ እኔም አልፈው ነበር። ይህ ሁሉ ሆኖ አደጋው ፈጽሞ አይጠፋም። ግን በሩን ዘግቶ ምርጫውን ለሹማምንት መመለስ በ1968 ምን እንዳስከተለ አይተናል።

የ2028ቱ ቅድመ ምርጫ እየመጣ ነው፤ ከዳር የሚነሣ ሰውም አይጠፋም። ዜግነት ወስዳችሁ በአሜሪካ የምትኖሩ አንባቢዎች ከዕጩው በፊት የራሳችሁን ምዝገባ ተመልከቱ። ቨርጂኒያ ያላችሁ በፓርቲ መመዝገብ አይጠበቅባችሁም፤ በዕለቱ የአንዱን ፓርቲ ወረቀት ጠይቃችሁ ትመርጣላችሁ። ሜሪላንድ ያላችሁ ግን የፓርቲው አባል ሆናችሁ ካልተመዘገባችሁ የፕሬዚዳንቱ ቅድመ ምርጫ ወረቀት አይሰጣችሁም። በአውሮፓ፣ በእስራኤል ወይም በባሕረ ሰላጤው አገሮች የምትኖሩ አሜሪካውያን ዜጎችም፣ ዴሞክራቶች በውጭ አገር ላሉ አባሎቻቸው ለብቻ የሚያዘጋጁት ምርጫ አለላችሁ፤ በ2016ም በ2020ም ሳንደርስ ያሸነፉበት ነው። ቀነ ገደቡን ደግሞ ቀድማችሁ እወቁት። ለኤፕሪል 2016ቱ የኒው ዮርክ ምርጫ ፓርቲ መቀየር የሚቻለው እስከ ኦክቶበር 2015 ብቻ ነበር፤ ይህን ባለማወቃቸው ኢቫንካና ኤሪክ ትራምፕ ለገዛ አባታቸው ሳይመርጡ ቀርተዋል።