የዳሞታ የእግር መንገድ በሕግ ይጠና

ማናቸውም አገር ያለውን መልካም ነገር መርምሮና ለክቶ ካላወቀ፥ ሊጠብቀውም ለልጅ ሊያወርሰውም አይችልም። ከወላይታ ሶዶ ከተማ በላይ የቆመው የዳሞታ ተራራ ለዚህ ምስክር ነው። ከፍታው ከ2,700 ሜትር የሚበልጠው ይህ ተራራ ሞቼና ቦራጎ የተባለውን ዋሻ በጎኑ ይዟል፤ ሊቃውንት ቆፍረው እንዳረጋገጡትም ከ40 ሺህ ዓመት በፊት ሰው ይጠለልበት ነበር። ስሙም በገድለ ተክለ ሃይማኖት የተጻፈውን የዳሞትን አገርና የንጉሡን የሞተሎሚን ነገር ለካህናት ያሳስባል። በዚያው በወላይታ ምድር የአማዶ ኬላ የድንጋይ ካብና የአጆራ መንትያ ፏፏቴ ይገኛሉ።

እነዚህን ኹሉ በአንድ የእግር መንገድ አያይዞ በሕግ ማስከበር የሚገባ ሥራ ነው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ዋሻንና ካብን ለመጠበቅ ያገለግላል። መንገድ ግን እንደ ዋሻ በአንድ ስፍራ የተወሰነ ስላልኾነ፥ በገበሬው ማሳ ዳር፥ በግጦሹና በቤተ ክርስቲያኑ አጸድ አጠገብ ያልፋል። በወላይታ ሕዝቡ ብዙ፥ መሬቱ ጠባብ ነው፤ ሳይጠና የሚታወጅ ወሰንም የእንሰቱን ጓሮ ለሚያጣው ሰው በደል ይኾናል። ስለዚህ ሕጉ ከማጽደቅ በፊት ጥናትን ሊያዝ ይገባዋል።

ጥናት ማዘግየት ነው የሚል ሰው ቢኖር የሌላውን አገር ሥራ ይመልከት። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1968 ዓ.ም. አሜሪካ ስለ አገር መንገዶች ባወጣችው ሕግ ኹለት ረዣዥም የእግር መንገዶችን ስታጸድቅ፥ ሌሎች 14 አስቀድመው እንዲጠኑ አዘዘች፤ ከተጠኑትም ያልጸደቁ አሉ። የጥናት ጥቅሙ አይኾንም ለማለትም መቻሉ ነው።

ከሶዶ በስተ ደቡብ ያለው የሁምቦ ተራራም ቅርብ ትምህርት ይሰጣል። በዚያ 2,728 ሔክታር የተራቆተ መሬት ከግጦሽና ከመጥረቢያ ተከልሎ ከቀድሞው ዛፍ ጉቶ ደን ያበቀለው፥ ገበሬዎቹ በማኅበር ተደራጅተው የጥቅሙ ተካፋይ ስለ ኾኑ ነው።

እንግዲህ የሚታዘዘው ጥናት መንገዱ የሚያልፍበትን መሬት በካርታ ያኑር፤ ባለመሬቱን በአገሩ ቋንቋ ይጠይቅ፤ ከመንገደኛ የሚገኘው ገንዘብ ለማን እንደሚደርስ አስቀድሞ ይወስን። ሹማምንት ይህን በሕግ ቢያጸኑ፥ ካህናትም አጸዳቸውን እንደ ጠበቁ ሕዝቡን ተራራውን እንዲጠብቅ ቢመክሩ፥ ዳሞታ ለሚመጣው ትውልድ ሳይጎድል ይደርሳል።