ነፋስና እንፋሎት ውሃን ሲያግዙ፤ የአማራጭ ኃይል ልማትና የንግድ ትብብር መንገድ

በግንቦት ወር 2011 ዓ.ም. የውሃ፣ መስኖና ኢነርጂ ሚኒስቴር የኤሌክትሪክ ኃይል ለደንበኞች በፈረቃ እንደሚከፋፈል ይፋ አደረገ። በወቅቱ የጊቤ ሦስት ግድብ ሐይቅ የውሃ መጠን ከሚጠበቀው በታች ወርዶ ስለነበር ሀገሪቱ 476 ሜጋ ዋት ያህል የኃይል ጉድለት ገጥሟት ነበር። መኖሪያ ቤቶች በተወሰኑ ሰዓታት ያለ መብራት አሳለፉ፤ ፋብሪካዎችም የሥራ ሰዓታቸውን በፈረቃው ልክ ለመከፋፈል ተገደዱ። ለጎረቤት ሀገራት የሚሸጠው ኃይልም ከችግሩ አላመለጠም። ወደ ክልሉ ገበያ በኃይል ሻጭነት የገባች ሀገር በራሷ ቤት መብራት በፈረቃ ስታድል መታየቷ፣ የኃይል ምንጭን በአንድ ዓይነት ሀብት ላይ ብቻ የመመሥረትን አደጋ በግልጽ ያሳየ አጋጣሚ ነበር።

እንደሚታወቀው ኢትዮጵያ ከምታመነጨው የኤሌክትሪክ ኃይል ከዘጠና ከመቶ በላይ የሚሆነው የሚገኘው ከውሃ ነው። ሀገሪቱ ከወንዞቿ እስከ 45 ሺህ ሜጋ ዋት የሚደርስ ኃይል ማመንጨት እንደምትችል የሚገመት ሲሆን፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ 5 ሺህ 150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ይዞ ወደ ሥራ መግባቱ በዘርፉ አዲስ ምዕራፍ ከፍቷል። ይሁን እንጂ ግድብ ምንም ያህል ግዙፍ ቢሆን የሚሞላው በዝናብ ነው። የሕዳሴው ግድብ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ የመያዝ አቅም ያለው በመሆኑ የአንድን ዓመት የዝናብ እጥረት የመቋቋም ብቃትን በእጅጉ ያሳድጋል፤ ሀገሪቱን ከዝናብ ጥገኝነት ፈጽሞ ያላቅቃል ማለት ግን አይደለም።

የአማራጭ ኃይል ጉዳይ ትርጉም የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው። ነፋስ፣ ፀሐይና የከርሰ ምድር እንፋሎት ውሃን የሚተኩ ሳይሆኑ ውሃን የሚያግዙ ሀብቶች ናቸው። በኢትዮጵያ ወንዞች የሚሞሉት በክረምት ሲሆን፣ በአዳማና በመቀሌ አካባቢዎች ነፋሱ የሚበረታው ደግሞ በበጋ ወራት ነው። ወንዙ በሚጎድልበት ወቅት ነፋሱ ተርባይኖችን ሲያንቀሳቅስ በግድቡ ውስጥ ያለው ውሃ ይቆጠባል። ነፋሱ ጋብ ሲል፣ ፀሐይም ስትጠልቅ የተቆጠበው ውሃ ተለቅቆ ጉድለቱን ይሞላል። በሌላ አነጋገር ግድቦቹ ለነፋስና ለፀሐይ ኃይል እንደ ማጠራቀሚያ ያገለግላሉ። በሌሎች ሀገራት ይህንን ተግባር ለማከናወን ከፍተኛ ወጪ የሚጠይቁ ባትሪዎች ይተከላሉ፤ ኢትዮጵያ ግን መሣሪያውን አስቀድማ ገንብታለች።

ጥያቄው ታዲያ እነዚህ ማመንጫዎች በማን ገንዘብ፣ በማን ዕውቀትና በምን ዓይነት ውል ይገነቡ የሚለው ነው። ባለፉት ዓመታት ሀገሪቱ ሦስት የትብብር መንገዶችን የሞከረች ሲሆን፣ ከሦስቱም የሚቀሰም ትምህርት አለ።

የመጀመሪያው መንገድ መንግሥት ተበድሮ የሚያስገነባበት ነው። የአዳማ አንድ የነፋስ ኃይል ማመንጫ በ51 ሜጋ ዋት፣ አዳማ ሁለት ደግሞ በ153 ሜጋ ዋት አቅም በቻይና ኩባንያዎች ተገንብተዋል። ከወጪያቸው 85 ከመቶ ያህሉ ከቻይና የወጪና ገቢ ንግድ ባንክ በብድር የተገኘ ሲሆን፣ ቀሪው በኢትዮጵያ መንግሥት ተሸፍኗል። በጥቅምት 2006 ዓ.ም. የተመረቀውና 84 ተርባይኖች ያሉት የአሸጎዳ ማመንጫ ደግሞ 120 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ 210 ሚሊዮን ዩሮ የሚሆነው ወጪውም በዋናነት በፈረንሳይ የገንዘብ ተቋማት ተሸፍኗል። በዴንማርክ ድጋፍ የተጀመረው የ100 ሜጋ ዋቱ የአሰላ ማመንጫም ከዚሁ ጎራ የሚመደብ ነው።

የዚህ መንገድ ጠቀሜታ ሥራው በተያዘለት ጊዜ እንዲጠናቀቅ ማገዙና ማመንጫው ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ የሀገር ሀብት መሆኑ ነው። የሀገር ውስጥ ዩኒቨርሲቲዎች በአዳማ ፕሮጀክቶች በአማካሪነትና በተቆጣጣሪነት እንዲሳተፉ መደረጉም ወጣት መሐንዲሶች በመስኩ ልምድ እንዲያካብቱ በር ከፍቷል። ጉዳቱ ደግሞ የብድሩ ሸክም ሙሉ በሙሉ በመንግሥት ትከሻ ላይ መውደቁ ነው። ነፋሱ ቢያንስም ሆነ ተርባይኑ ቢበላሽ የብድሩ ክፍያ የሚጠበቀው በውጭ ምንዛሪ ነው። መለዋወጫም የሚገዛው በዚያው ምንዛሪ ነው።

ሁለተኛው መንገድ አደጋን ደረጃ በደረጃ መከፋፈል ሲሆን፣ ይህም ጎልቶ የሚታየው በከርሰ ምድር እንፋሎት ልማት ነው። እንፋሎት ዝናብንም ሆነ ነፋስን ሳይጠብቅ ቀንና ሌሊት ኃይል ይሰጣል። በስምጥ ሸለቆ እስከ 10 ሺህ ሜጋ ዋት የሚደርስ የእንፋሎት ኃይል እንዳለ ይገመታል። ነገር ግን ከመሬት በታች ያለውን ሀብት በእርግጠኝነት ማወቅ የሚቻለው ጉድጓድ ተቆፍሮ ሲታይ ብቻ ነው፤ አንድ ጉድጓድ ደግሞ በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር ይጠይቃል። የአሉቶ ላንጋኖ ታሪክ ለዚህ ምስክር ነው። ጉድጓዶቹ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የተቆፈሩ ሲሆን፣ 7.3 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የሙከራ ጣቢያ የተተከለው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ነበር። ጣቢያው ሥራ በጀመረ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በቴክኒክ ችግር ቆመ፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ጥገና ተደርጎለት በከፊል ወደ ሥራ ቢመለስም ሙሉ አቅሙን አላገኘም።

ጎረቤት ሀገር ኬንያ ይህንን አጣብቂኝ ለመፍታት የመረጠችው አሠራር ሊጠና የሚገባው ነው። ኬንያ ቁፋሮን ብቻ የሚያካሂድ የመንግሥት ኩባንያ በማቋቋም፣ በሜኔንጋይ የእንፋሎት መስክ ጉድጓዶቹን ራሷ አስቆፈረች። እንፋሎቱ መኖሩ ከተረጋገጠ በኋላ እያንዳንዳቸው 35 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ ሦስት ጣቢያዎችን የመትከሉን ሥራ ለግል ኩባንያዎች ሰጠች። ባለሀብቱ በጨለማ ውስጥ ገንዘቡን እንዲጥል አልተጠየቀም፤ መንግሥትም ጣቢያውን ለመገንባት ተጨማሪ ብድር አላስፈለገውም። ዛሬ ኬንያ በዘርፉ ከአፍሪካ ቀዳሚ ናት። የኬንያ የኃይል አመንጪ ኩባንያ ባካበተው ልምድ በቱሉ ሞዬና በአሉቶ የቁፋሮ ሥራ ውል ወስዶ ወደ ኢትዮጵያ መምጣቱም፣ የንግድ ትብብር ከሩቅ ባለጸጋ ሀገራት ጋር ብቻ የሚደረግ አለመሆኑን ያሳያል።

ሦስተኛው መንገድ የግል ባለሀብት በራሱ ገንዘብ ገንብቶ ኃይሉን ለመንግሥት የሚሸጥበት ነው። ለዚህ የሚሆን የሕግ ማዕቀፍ ተዘርግቷል። የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006፣ የጂኦተርማል ሀብት ልማት አዋጅ ቁጥር 981/2008 እና የመንግሥትና የግል አጋርነት አዋጅ ቁጥር 1076/2010 ተከታትለው ወጥተዋል። እ.ኤ.አ. በ2017 የመተሃራው የ100 ሜጋ ዋት የፀሐይ ኃይል ጨረታ ለጣሊያኑ ኤኔልና ለሀገር ውስጥ አጋሩ ተሰጠ። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ በሶማሌ ክልል ጋድ እና በአፋር ክልል ዲቼቶ ሊገነቡ የታቀዱትን፣ በድምሩ 250 ሜጋ ዋት የሚሆኑ የፀሐይ ኃይል ማመንጫዎች የሳዑዲ ዓረቢያው አክዋ ፓወር አሸነፈ። ያቀረበው ዋጋ ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት 2.526 የአሜሪካ ሳንቲም ሲሆን፣ በአፍሪካ ከታዩት እጅግ ዝቅተኛ ዋጋዎች አንዱ ነበር።

ይሁንና ከእነዚህ ፕሮጀክቶች አንዱም ወደ ኃይል ማመንጨት አልደረሰም። ለመጓተቱ ከሚጠቀሱት ምክንያቶች ዋነኛው የውጭ ምንዛሪ ነው። ባለሀብቱ ከባንክ የሚበደረው በዶላር ነው፤ የኤሌክትሪክ ተጠቃሚው የሚከፍለው ግን በብር ነው። በመካከል ያለው የምንዛሪ አደጋ የማን ነው የሚለው ጥያቄ በውሉ ላይ ግልጽ መልስ ካላገኘ አበዳሪ ባንኮች ገንዘብ አይለቁም። ርካሽ ዋጋ የተጻፈበት ሰነድ ብቻውን መብራት አያበራም።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ማድረጉ የዚህን ችግር መልክ ለውጦታል። ባለሀብቱ ገቢውን ወደ ዶላር የመመንዘር ዕድሉ ሰፍቷል። በአንጻሩ በዶላር የተዋዋለ ኃይል በብር ሲታሰብ ዋጋው ንሯል። ለአብነት ያህል ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት 2.5 ሳንቲም የሚከፈልበት ውል፣ አንድ ዶላር በ57 ብር ሲመነዘር 1 ብር ከ43 ሳንቲም ገደማ ይሆናል፤ በ114 ብር ሲመነዘር ግን ወደ 2 ብር ከ85 ሳንቲም ያድጋል። ልዩነቱን ወይ ተጠቃሚው በታሪፍ፣ ወይ መንግሥት በድጎማ መሸፈን አለበት። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ተግባራዊ እየሆነ ያለው የታሪፍ ማሻሻያም ከዚሁ እውነታ ጋር የተያያዘ ነው።

ከዚህ አኳያ የኃይል ሽያጭ ለጎረቤት ሀገራት ያለው ፋይዳ ከተራ ንግድ በላይ ነው። በብር የሚገኝ ገቢ የዶላር ዕዳን ሊከፍል አይችልም፤ በዶላር የሚሸጥ ኃይል ግን ይችላል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ለጅቡቲ፣ ቀጥሎም ለሱዳን ኃይል መሸጥ ጀምራለች። ከወላይታ ሶዶ እስከ ኬንያዋ ሱስዋ የተዘረጋው፣ ከ1 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመት ያለውና ባለ 500 ኪሎ ቮልት የሆነው መስመር 2 ሺህ ሜጋ ዋት የማስተላለፍ አቅም አለው። መስመሩ የተገነባው በዓለም ባንክ፣ በአፍሪካ ልማት ባንክና በፈረንሳይ የልማት ድርጅት ድጋፍ ነው። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. በተፈረመው የ25 ዓመት ስምምነት መሠረት ኬንያ ከኅዳር 2015 ዓ.ም. ጀምሮ 200 ሜጋ ዋት መግዛት የጀመረች ሲሆን፣ መጠኑ ከሦስት ዓመት በኋላ ወደ 400 ሜጋ ዋት እንዲያድግ ታቅዷል።

እርግጥ ነው፣ ከሀገሪቱ ሕዝብ ግማሽ ያህሉ ገና ኤሌክትሪክ ባላገኘበት ሁኔታ ኃይልን ለውጭ መሸጥ አግባብ ነው ወይ የሚል ጥያቄ ይነሳል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ያለው በሽያጩ ገቢ አጠቃቀም ላይ ነው። በብዙ የገጠር ቀበሌዎች የጠፋው የሚመነጭ ኃይል ሳይሆን ኃይሉን ከዋናው መስመር ወደ መንደሩ የሚያደርስ ትራንስፎርመር፣ ምሰሶና ሽቦ ነው፤ እነዚህን ለመግዛትም የውጭ ምንዛሪ ያስፈልጋል። ከሽያጩ የሚገኘው ዶላር ወደ ሥርጭት መስመር ግንባታ ካልተመለሰ ግን ጥያቄው መልስ ሳያገኝ ይቀራል። በተጨማሪም ገዢው ሀገር ሰላም ሲያጣ ክፍያም አስተማማኝነቱን ስለሚያጣ፣ እ.ኤ.አ. በ2005 የተመሠረተውና መቀመጫውን አዲስ አበባ ያደረገው የምሥራቅ አፍሪካ የኃይል ቋት የገዢዎችን ቁጥር በማብዛት የሚጫወተው ሚና ከፍተኛ ነው።

ትብብር በጥንቃቄ ካልተመራ ምን ሊያስከትል እንደሚችል የኬንያው የቱርካና ሐይቅ የነፋስ ኃይል ማመንጫ ያስተምራል። 365 ተርባይኖች ያሉት ይህ የ310 ሜጋ ዋት ማመንጫ በግል ባለሀብቶች ተገንብቶ የተጠናቀቀው እ.ኤ.አ. በ2017 ነበር። መንግሥት ሊዘረጋ የተዋዋለው ማስተላለፊያ መስመር ግን የሥራ ተቋራጩ በመክሰሩ ምክንያት ዘገየ። ተርባይኖቹ ከሀገሪቱ የኃይል መረብ ጋር የተገናኙት በመስከረም ወር 2018 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ በውሉ መሠረት ኬንያውያን ላልተጠቀሙበት ኃይል ካሳ ለመክፈል ተገደዋል። ባለሀብቱ ግዴታውን ተወጥቷል፤ የተጓደለው የመንግሥት ድርሻ ነበር።

ከእነዚህ ተሞክሮዎች በመነሳት በፌዴራልም ሆነ በክልል ደረጃ ለሚገኙ የሥራ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች አራት ነጥቦች ጎልተው ይወጣሉ። አንደኛ፣ የማመንጫና የማስተላለፊያ መስመር የጊዜ ሰሌዳ በአንድ ዕቅድ ሊመራ ይገባል። ሁለተኛ፣ የምንዛሪ፣ የቁፋሮና የክፍያ መዘግየት አደጋዎችን ማን እንደሚሸከም ከፊርማ በፊት በግልጽ መጻፍ አለበት፤ አደጋውን መሸከም ያለበትም ሊቆጣጠረው የሚችለው ወገን ነው። ሦስተኛ፣ በየውሉ የሀገር ውስጥ ባለሙያዎች ሥልጠናና የመለዋወጫ አቅርቦት እንደ ተጨማሪ ነገር ሳይሆን እንደ ዋና አንቀጽ ሊታይ ይገባል፤ የአሉቶ ጣቢያ ለዓመታት መቆም የጥገና አቅም ማነስ የሚያስከፍለውን ዋጋ አሳይቷልና። አራተኛ፣ በማመንጫዎቹ አካባቢ የሚኖረው አርሶ አደርና አርብቶ አደር መሬቱን ሲለቅ ተገቢ ካሳ በወቅቱ ማግኘትና በደጁ ከሚያልፈው መስመር ተጠቃሚ መሆን ይኖርበታል።

አበው "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" ይላሉ። የአማራጭ ኃይል ልማትም እንዲሁ ነው። ወጪውና አደጋው በአንድ ወገን ላይ ሲከመር ያጎብጣል፤ በመንግሥት፣ በባለሀብት፣ በአበዳሪና በጎረቤት ሀገር መካከል በአግባቡ ሲከፋፈል ግን ለሁሉም ይተርፋል። የ2011 ዓ.ም.ን የመሰለ የፈረቃ ወቅት ተመልሶ እንዳይመጣ የሚወስነው የዝናቡ መጠን ብቻ አይደለም፤ ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ያሉት ውሎች የሚዘጋጁበት ጥንቃቄም ጭምር ነው።