የቆጡን ሲያወርዱ የብብቱ ውሃ ፈሰሰ

ከኡኬ መቶ ኩንታል በቆሎ ጭኖ ወደ ነቀምት የወጣ ነጋዴ ሲያራግፍ ስልሳ አምስት ኩንታል ብቻ ቢያገኝ ምን ያደርጋል? ጆንያው ተቀዶ እንደሆነ ያያል፤ ሚዛኑን ይፈትሻል፤ ሹፌሩንና ረዳቱን ይጠይቃል። «በቆሎ አነሰኝና ሌላ ማሳ ልግዛ» የሚል ነጋዴ ግን የለም። የከተሞቻችን የውሃ ንግድ ግን እንዲህ ነው የሚካሄደው። ውሃ አነሰ በተባለ ቁጥር ወሬው ሁሉ ስለ አዲስ ጉድጓድና ስለ አዲስ ግድብ ይሆናል።

አዲስ አበባን እንውሰድ። ገፈርሳ አልበቃ ሲል እ.ኤ.አ. በ1970 ለገዳዲ፣ በ1999 ደግሞ ድሬ ተጨመረ። የአቃቂ ጉድጓዶችም ተከተሉ። ይሁንና ከተመረተው ውሃ ሲሶ ያህሉ ሒሳብ ሳይከፈልበት እንደሚጠፋ የከተማዋ ውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ራሱ በተለያዩ ዓመታት ሲገልጽ ቆይቷል።

ለመሆኑ ይህ ውሃ የት ይገባል? ከፊሉ ባረጀ ቧንቧና በላላ መገጣጠሚያ በኩል መሬት ውስጥ ይሰርጋል። ከፊሉ ደግሞ ሰው ተጠቅሞበት ሳይከፈልበት ይቀራል፤ ቆጣሪው አርጅቶ አሳንሶ ይቆጥራል፣ ወይም መስመሩ በቆጣሪው ጎን ተቀጥሏል፣ ወይም ቢሉ ተሳስቷል። የመጀመሪያው ፍሳሽ ነው፤ ሁለተኛው በግልጽ አማርኛ ብክነትና ሌብነት ነው። መድኃኒታቸውም ለየቅል ነው።

ስሌቱን ነጋዴ ይረዳዋል። በደቂቃ አንድ ሊትር የሚያፈስ ቀዳዳ በቀን 1,440 ሊትር ያጠፋል፤ ይህም በሃያ ሊትር ጄሪካን ሲለካ 72 ጄሪካን ነው። ለምሳሌ ያህል አንዲት ከተማ በቀን 1,000 ሜትር ኩብ ውሃ በሜትር ኩብ 10 ብር ወጪ ታመርታለች እንበል። 35 በመቶው ከጠፋ፣ የተሸጠው እያንዳንዱ ሜትር ኩብ ወጪው 15 ብር ከ38 ሳንቲም ይደርሳል። ጥፋቱ ወደ 20 በመቶ ቢወርድ 12 ብር ከ50 ይሆናል። በዚያ ላይ በየቀኑ 7,500 ጄሪካን ውሃ ያለ አዲስ ጉድጓድ ይገኛል። ታሪፍ ይጨመር ከመባሉ በፊት ይህ ሒሳብ ለሕዝብ ሊቀርብ ይገባል ባይ ነኝ።

ነቀምት ዳገትና ቁልቁለት የበዛባት ከተማ ናት። እንዲህ ባለ ቦታ ዳገቱ ላይ ያለው ሰፈር ውሃ ይጠማል፤ ቁልቁለቱ ላይ ያለው ቧንቧ ደግሞ በግፊት ይፈነዳል። ግፊት በጨመረ ቁጥር ፍሳሹም ይጨምራል። ስለዚህ አዲስ ውሃ በአሮጌ ቧንቧ ውስጥ መልቀቅ ቀዳዳውን ማብላት ነው። ከተሞቹ እያደጉ ነውና አዲስ ምንጭ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም፤ ቅደም ተከተሉ ይስተካከል ነው የምለው።

እኛ የገበያ ሰዎችስ? ደላላው «ውሃ የማይጠፋበት ቤት» ብሎ ኪራይ ያስወድዳል። ባለ ሆቴሉ ሮቶውን ቶሎ ለመሙላት ከመንገዱ መስመር በቀጥታ በሞተር ይስባል። ይህ የጎረቤትን ድርሻ መንጠቅ ብቻ አይደለም፤ ግፊቱ ሲጎድል በቀዳዳው በኩል ቆሻሻ ወደ መስመሩ ይገባል፣ እንግዳውም የሚጠጣው ያንኑ ነው።

«በድሃ አገር አይሆንም» ለሚሉ መልሱ ፕኖም ፔን ናት። የካምቦዲያዋ ዋና ከተማ እ.ኤ.አ. በ1993 ከምታመርተው ውሃ 72 በመቶው ይጠፋባት ነበር። ኤክ ሶን ቻን የተባሉ ሥራ አስኪያጅ ለሁሉም ቆጣሪ አስገጠሙ፤ ሕገ ወጥ ቅጥያ ለጠቆመ ሽልማት ሰጡ፤ ባለሥልጣንም ይሁን ወታደር ሒሳቡን እንዲከፍል አደረጉ። ከሃያ ዓመት ባነሰ ጊዜ ጥፋቱ ወደ 6 በመቶ ገደማ ወረደ። ድርጅቱም እ.ኤ.አ. በ2012 በአገሪቱ የአክሲዮን ገበያ የተመዘገበ የመጀመሪያው ኩባንያ ሆነ። እኛም ከጥር 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ አለን። የሚያፈስ ድርጅት አክሲዮን ግን ማን ይገዛል?

ሥራው በትንሹ ሊጀመር ይችላል። ከማጠራቀሚያው በሚወጣው ዋና መስመር ላይ ቆጣሪ ይተከል። ከተማው በተኛበት ከሌሊቱ 8 እስከ 10 ሰዓት ይነበብ፤ በዚያ ሰዓት የሚሄደው ውሃ አብዛኛው ፍሳሽ ነው። እንደ ኡኬ ባለች ትንሽ ከተማ ይህ የአንድ ሠራተኛ የሌሊት ሥራ ነው። ቀጥሎ የትልልቅ ደንበኞች ቆጣሪ ይቀየር። የጥገና ሥራ ለግል ተቋራጭ ሲሰጥም ክፍያው በተቆፈረው ሜትር ሳይሆን በዳነው ውሃ ይሁን። በመጨረሻም ስንት ተመረተ፣ ስንት ተሸጠ፣ ስንት ተሰበሰበ የሚለው በየወሩ በሰሌዳ ይለጠፍ።

ነጋዴ ሚዛኑን ሳያይ ዕቃ አይረከብም። የውሃ ሒሳብ የሚከፍል ሁሉ እንዲሁ መጠየቅ አለበት።