ሴኔጋልን የሠራት ግጥም አይደለም

የምዕራብ አፍሪካ ፖለቲካ በተነሣ ቁጥር፣ ሴኔጋል ጎረቤቶቿን ካመሰው መፈንቅለ መንግሥት የተረፈችው ገጣሚ ስለመራት ነው የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1980 የገዛት ሌዎፖልድ ሴዳር ሴንጎር ብሔራዊ መዝሙሯን ጽፏል፤ ሥልጣኑንም በፈቃዱ ለቋል። ጣሊያን ኢትዮጵያን ስትወርም ለሳባ ዘር የገጠመ ሰው ነውና ለእኛ ባዳ አይደለም። ግን ከዚህ ተነሥቶ ሴኔጋላዊነትን የብዕሩ ውጤት ማድረግ ሕዝቡን መዝረፍ ነው።

መዝሙሩ ኮራና ባላፎን የተባሉትን የሙዚቃ መሣሪያዎች ያነሣል፤ የተጻፈው ግን በፈረንሳይኛ ነው። ነፃነት ሲታወጅ አብዛኛው ሕዝብ ያንን ቋንቋ አይሰማም ነበር። ሕዝቡን ያስተሳሰረው ሌላ ነው። ከሰሬር ብሔር የሆነውም ፉላኒውም ዳካር ገበያ ላይ ዋጋ የሚከራከረው በወሎፍ ነው። ሰሬሩ ፉላኒውን «ባሪያዬ» ብሎ ቢቀልድበት በሳቅ ያልፋል፤ የቆየ የቀልድ ዝምድና አላቸውና። ካቶሊኩ ሴንጎር ራሱ አብላጫው ሙስሊም በሆነ አገር የቆመው ሙሪድ በተባለው የሱፊ ማኅበር ሼኮች ድጋፍ ነው።

ገጣሚ ሲገዛ አገዛዙ ይለዝባል ለሚሉ ደግሞ የሴኔጋላዊውን የፊልም ባለሙያ የኡስማን ሴምቤንን «ቸዶ» ላንሣ። በ1977 የወጣው ይህ ፊልም ሴኔጋል ውስጥ ታገደ። መንግሥት የሰጠው ምክንያት የርዕሱ አጻጻፍ ነበር፦ ሴምቤን በላቲን ፊደል ሲጽፈው ሁለት «ዲ» አድርጎበታል፣ የወሎፍን አጻጻፍ የደነገገው የሴንጎር መንግሥት ደግሞ አንድ ይበቃል ይላል። (በእኛ ፊደል ቢሆን ጸቡም ባልተነሣ፤ የሚጠብቀውንና የሚላላውን አንለይም።) ብዙዎች እውነተኛው ምክንያት ፊልሙ እስልምና በመንደሩ ላይ እንዴት እንደተጫነ ማሳየቱ ነው ይላሉ። ይሁን። ሰበቡ ራሱ ግን ይገርማል። ሌላ ገዢ ቢሆን ለጸጥታ ሲባል ብሎ ይከለክል ነበር፤ ገጣሚው ገዢ በሰዋስው ከለከለ። የታሪክ ምሁሩና ተቃዋሚው የሼክ አንታ ዲዮፕ ጋዜጣም በዚሁ የፊደል ጣጣ ስሙን ለመቀየር ተገዷል። ቃላትን የሚያፈቅር ሰው ሥልጣን ሲይዝ ቃላቱን የግሉ ርስት ያደርጋቸዋል።

በ1966 ዳካር ታላቁን የጥቁር ሕዝቦች የኪነ ጥበብ ፌስቲቫል አስተናገደች፤ ዓለም አጨበጨበ። በዚያው ዓመት አገሪቱ በተግባር የአንድ ፓርቲ አገር ሆነች። የሴንጎር የትግል ጓድና ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረው ማማዱ ዲያ ያን ጊዜ እስር ቤት ነበር። በ1962 መጨረሻ ተይዞ የተፈታው በ1974 ነው። ወጣቱ ተቃዋሚ ኦማር ብሎንዳን ዲዮፕ በ1973 ጎሬ ደሴት እስር ቤት ውስጥ ሞተ፤ ራሱን አጠፋ ተባለ፣ ቤተሰቡ ግን እስከ ዛሬ አልተቀበለውም።

የሴንጎርን ግጥም አንብቡ፣ ውብ ነው። ገጣሚ ቢመራን ኖሮ እያላችሁ የምትመኙ ግን፣ ከመድብሉ ጎን የዲያን የእስር ዓመታትም ቁጠሩ።