ስካን የተደረገ ዶሴ ተጠብቋልን?

የአዲስ አበባ መስፋፋት የእርሻውን መሬት እየገፋ በመጣበት ዘመን፣ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ከመጠቃለላቸው አስቀድሞ እንኳ፣ በካሳ፣ በውርስና በወሰን የሚነሣው ክርክር እየበዛባቸው ስለ ሄደ፣ የአንድ ገበሬ ልጆች መብት ጸንቶ የሚቆመው በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት በተቀመጠው ዶሴ ሆኗል።

ዛሬ ግን «መዝገቡ ስካን ተደርጎ ኮምፒዩተር ውስጥ ከገባ ተጠበቀ» የሚል አሳብ ሠልጥኗል። ዶሴ ፍለጋ ሲንከራተት የሚውለውን ባለጉዳይ ያሳረፈ ሥራ ሁሉ ምስጋና ይገባዋል፤ ሆኖም መዝገብን ቶሎ ማግኘትና መዝገብን ሳይለወጥ ለትውልድ ማቆየት ልዩ ልዩ ግብሮች ናቸው።

እስቲ አንድ ኑዛዜ እንመልከት፤ ሐምራዊ ማኅተም ያረፈበት፣ ምስክሮቹ አውራ ጣታቸውን ያኖሩበት ገጽ በጥቁርና ነጭ ስካን ሲደረግ፣ ማኅተሙም አሻራውም ጥቁር ጠብታ ይሆናሉ፤ በጀርባው የተጻፈውም ትእዛዝ፣ ሠራተኛው ገጹን ካልገለበጠው፣ ሳይነሣ ይቀራል። ወረቀቱ ከዚያ በኋላ ቢወገድ፣ «አሻራው የምስክሩ አይደለም» ብሎ ለሚከራከር ወራሽ ምን ይመረመርለታል?

አበው የርስትና የጉልት ስጦታን በወንጌል መጽሐፍ ኅዳግ ሲያሰፍሩ፣ የእማኞቹን ስም ዘርዝረው፣ ቃሉን የሚፍቀውን በውግዘት ያስሩ ነበርና፣ ማን እንዳየ፣ የለወጠውም ሰው ምን እንደሚደርስበት ከጽሑፉ ጋር አብሮ ይኖር ነበር። በዘመናችንም የ2008 ዓ.ም. የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 የኤሌክትሮኒክ ማስረጃን እውነተኛነት ከያዘው ሥርዓት ጋር አያይዞታል፤ የ2012ቱ አዋጅ ቁጥር 1205ም ለኤሌክትሮኒክ ሰነድ ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥቷል። እንግዲህ የፍርድ ቤቱ የራሱ ሰርቨር ማን እንደ ገባበት፣ መቼና ምን እንደ ለወጠ የማይመሰክር ከሆነ፣ ዳኛው ከተከራካሪው የሚጠይቀውን ማረጋገጫ መዝገብ ቤቱ ራሱ ማቅረብ ይሳነዋል። ደግሞም የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ፍርድ እንዲፈጸም ለመጠየቅ 10 ዓመት ይሰጣል፤ በዚህ ዘመን ውስጥ ማሽኑ ሊያረጅ፣ ፋይሉን የሚከፍተው ፕሮግራምም ሊቀር ይችላል።

ስለዚህ ገጹ በቀለሙ፣ ፊትና ጀርባው እንዲነሣ፣ ሁለተኛው ቅጂ በሌላ ከተማ እንዲቀመጥ፣ አሻራ ያለበትም ወረቀት አፈጻጸሙ ሳያልቅ እንዳይወገድ የሚያስገድድ ደንብ ይውጣ፤ መዝገቡ በፍርድ ቤት እጅ ሳለ ቢጠፋም፣ ባለጉዳዩ በቤቱ ያስቀመጠው ማኅተም ያለበት ግልባጭ፣ ሐሰተኛነቱ እስኪረጋገጥ ድረስ፣ እንደ ዋናው ይቆጠርለት።