ጫማውን ለእግር እንጂ እግርን ለጫማ አናስተካክል

በዓል በመጣ፣ ሠርግ በተጠራ፣ ልጅም በተመረቀ ቁጥር ከቤተሰብ ገንዘብ ላይ ዳጎስ ያለ ድርሻ ከሚወስዱት ነገሮች አንዱ የቆዳ ጫማ ነው። ልብስ ሰፊ ቢሆን ይጠበባል፣ ቢጠብ ይለቀቃል። ጫማ ግን አንድ ጊዜ ከተገዛ በኋላ ወይ ይሆናል፣ ወይ አይሆንም። ይሁን እንጂ አብዛኞቻችን ጫማ ስንገዛ የምናየው መልኩንና ዋጋውን እንጂ የሚገባበትን እግር አይደለም።

በዚህ ረገድ በራሳችን ቤት የደረሰውን ላጫውትዎ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለዘመን መለወጫ እኔና ወንድሞቼ ገንዘብ አዋጥተን ለአባታችን ጥቁር የቆዳ ጫማ ገዛን። ሳያውቁት ልናስደስታቸው ስለፈለግን አብረውን እንዲሄዱ አላደረግንም፤ የአሮጌ ጫማቸውን ቁጥር አይተን 41 ገዛን። በበዓሉ ዕለት አድርገውት ዋሉ። «አልጠበበዎትም ወይ?» ብንላቸው «ምንም አይል፣ ልክ ነው» አሉን። እውነታቸውን ነበር፤ አልተሰማቸውም። ማታ እናቴ ውኃ አሙቃ እግራቸውን ልታጥብ ብትቀርብ ካልሲው በደም ርሶ፣ የትንሿ ጣታቸው ጎን ተልጦ አገኘችው። አባባ ለብዙ ዘመን የስኳር ሕመም ያለባቸው ሰው ናቸው። ያቺ ትንሽ ቁስል እስክትድን አምስት ወር ፈጀች፤ ሐኪሞቹም ጣቲቱን ስለመቁረጥ እስከ መነጋገር ደርሰው ነበር።

የስኳር ሕመም ሲቆይ የእግርን ነርቮች ስለሚያደነዝዝ ሕመምተኛው ጫማው ሲፍቀው አያውቅም። የደም ዝውውሩም ስለሚዳከም ቁስሉ ቶሎ አይድንም። ስለሆነም እንዲህ ያለ ሰው በቤትዎ ካለ ጫማውን ከማድረጉ በፊት ውስጡን በእጁ ይዳስስ፤ ጠጠር ወይም የወጣ ምስማር ሊኖር ይችላልና። አዲስ ጫማ መጀመሪያ ከአንድ ሁለት ሰዓት በላይ አያድርግ። ማታ ማታም እግሩን እስከ ጣቶቹ መካከል ድረስ ይመልከት፤ ማየት ከተሳነው ሌላ ሰው ይይለት። ቁስል ከታየም ዛሬ ነገ ሳይባል ወደ ሐኪም ይሂድ።

ልክን ስለማወቅ

ጤነኛ የሆነውም እግር ቢሆን ጠባብ ጫማ ይጎዳዋል። ጣቶች ይደራረባሉ፣ ቆዳው ይጠነክራል፣ የአውራ ጣት መገጣጠሚያም እያበጠ ወደ ጎን ሊወጣ ይችላል። ይህ በተለይ ሹልና ባለ ረጅም ታኮ ጫማ በምናዘወትር ሴቶች ላይ ይበረታል፤ ታኮው የሰውነትን ክብደት ወደ ፊት ገፍቶ በጣቶች ላይ ያሳርፈዋልና።

ጫማ ለመግዛት የሚመረጠው ሰዓት ከቀትር በኋላ ነው። እግር ቀኑን ሙሉ ሲቆሙበትና ሲሄዱበት ስለሚያብጥ ጠዋት ልክ የሆነ ጫማ ማታ ይጠብባል። ከጫማው ጋር የሚያደርጉትን ካልሲ ይዘው ይሂዱ። የብዙ ሰው ሁለቱ እግሮች እኩል ስላልሆኑ ሁለቱንም ይለኩ፤ የሚገዛውም በትልቁ ልክ ነው። ተቀምጠው ሳይሆን ቆመው ይለኩ፤ እግር ክብደት ሲያርፍበት ይረዝማል፣ ይሰፋልም።

በጫማ ላይ የምናየው 38፣ 39፣ 40 የሚለው ቁጥር እንዲያው የተሰጠ አይደለም። ሦስት ቁጥር ሁለት ሣንቲ ሜትር ያህላል፤ በአንዱና በሚቀጥለው ቁጥር መካከል ያለው ልዩነትም ከ7 ሚሊ ሜትር ጥቂት ያነሰ ነው። እግርዎ 24 ሣንቲ ሜትር ቢረዝም፣ ለጣቶች መንቀሳቀሻ አንድ ተኩል ይጨምሩና 25 ተኩል ይሆናል። ይህንን በአንድ ተኩል ሲያባዙ 38 አካባቢ ይመጣል። ነገር ግን ቁጥሩ የሚናገረው ርዝመትን እንጂ ስፋትን አይደለም። ከዚህም የተነሣ አንዱ ሠሪ ዘንድ 38 የሚሆንዎ ሰው ሌላው ዘንድ 39 ሊያስፈልግዎ ይችላል።

ጫማውን አድርገው ሲቆሙ ከረጅሙ ጣትዎ ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ቦታ ይቅር። የእግርዎ ሰፊ ክፍል ማለትም ከአውራ ጣት ሥር ያለው መገጣጠሚያ በጫማው ሰፊ ቦታ ላይ ይረፍ፤ ጫማውም ሲራመዱ የሚታጠፈው እዚያው ላይ ይሁን። ተረከዝ በአዲስ ጫማ ጥቂት ቢንቀሳቀስ አያስጨንቅም፤ ወልቆ የሚወጣ ከሆነ ግን ይተዉት። ሻጩ «ቆዳ ስለሆነ ይለቀቃል» ቢልዎት ግማሹ እውነት ነው። ቆዳ በስፋቱ ጥቂት ይለቀቃል፤ በርዝመቱ ግን አይለቀቅም። ጣትዎ ጫፉን ከነካ ዋጋው ምንም ያህል ቢቀንስ አይግዙት።

ለልጆችም «ያድግበታል» ብለን በሁለትና በሦስት ቁጥር አስበልጠን የምንገዛው ጫማ ልጁን ያደናቅፈዋል፤ እግሩ እስኪደርስበትም ጫማው ያልቃል። የታላቁን አሮጌ ጫማ ለታናሹ ማውረስም ቢሆን ውስጡ በታላቁ እግር ቅርፅ የረገጠ ከሆነ አይመከርም።

ሲገዙ ምን ይመልከቱ?

ከትልቅ የጫማ መደብርም ይግዙ፣ ከመርካቶ ሸራ ተራ፣ አመራረጡ አንድ ነው። ቆዳውን በአውራ ጣትዎ ጫን ይበሉት፤ እውነተኛ ቆዳ ቀጫጭን መስመር አውጥቶ ይመለሳል። የተቆረጠ ጠርዙን ይዩ፤ ቆዳ ከሆነ ጭረት ጭረት ያለው ሆኖ ሲታይ፣ ሰው ሠራሽ ከሆነ ከሥሩ ጨርቅ ይታያል። ውስጡን በእጅዎ ይዳስሱ፤ ገበሩ ቆዳ የሆነ ጫማ ላብ ይመጥጣል። ሶሉ ከላይኛው ቆዳ ጋር የተገናኘበትን ዙሪያውን ይመርምሩ፤ ከአሁኑ የተከፈተ ቦታ ካለ ክረምቱን አይሻገርም።

አያያዙስ?

ጥሩ ጫማ የሚሞተው ከመርገጥ ይልቅ ከላብ፣ ከውኃና ከእሳት ነው። አንድ ቀን የተደረገ ጫማ ውስጡ ላብ ስለሚይዝ ቢያንስ አንድ ቀን ሳይደረግ ይደር። ሁለት ጫማ ያለው ሰው እያፈራረቀ ቢያደርጋቸው አንዱን እስኪያልቅ ከሚያደርግ ሰው ይልቅ ብዙ ጊዜ ያገለግሉታል።

ዝናብ የመታው ጫማ ከከሰል ምድጃ አጠገብም ሆነ ፀሐይ ላይ አይቀመጥ፤ ቆዳው ደርቆ ይሰነጠቃል፣ ማጣበቂያውም ይላቀቃል። በደረቅ ጨርቅ ጠርገው ውስጡን በወረቀት ይሙሉት፤ ወረቀቱ ሲርስ ይለውጡ። ይህ ጋዜጣ ራሱ ከተነበበ በኋላ ለዚህ ያገለግላል፤ ገበሩ ነጣ ያለ ከሆነ ግን ቀለሙ እንዳይነካው አስቀድመው ነጭ ጨርቅ ያልብሱት። ከዚያም በጎኑ አስተኝተው ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ያድርቁት።

ለመቀባት መጀመሪያ ማሰሪያውን ያውጡ። የደረቀውን ጭቃ በብሩሽ አራግፈው ቆዳውን በረጠብ ባለ ጨርቅ ይጥረጉና እስኪደርቅ ይጠብቁ። ቀጥሎ ቀለሙን በጨርቅ ስስ አድርገው ይቀቡ፤ አሥር ደቂቃ ያህል ቆይተው በብሩሽ ይምቱት፤ በመጨረሻም በለስላሳ ጨርቅ ይወልውሉት። የሚያበራው የቀለሙ ብዛት ሳይሆን የብሩሹ ምት ነው፤ አቧራ ሳይነሣ የተቀባ ቀለም ቆዳውን ከአቧራው ጋር ያፍነዋል። ለሊስትሮ ሲሰጡም ጫማው ሳይጠረግ ቀለም እንዳይነካው ይንገሩት። የምግብ ዘይት ቆዳውን ያበላሻል፣ ላምባና ቤንዚንም ያደርቁታል። ፀጉራም ለሆነው የሻሙዋ ጫማ ይህ አቀባብ አይሆንም፤ እርሱ በደረቅ ብሩሽ ብቻ ይጸዳል።

የማያደርጉትን ጫማ በፌስታል ቋጥረው አያስቀምጡ፤ ይሻግታል። በጨርቅ ጠቅልለው አየር ባለበት ያኑሩት። ሻጋታ ከታየም ከቤት ውጪ በደረቅ ጨርቅ ያራግፉት፤ እኩል ውኃ በተቀላቀለበት አቼቶ የረጠበ ጨርቅ መጀመሪያ በማይታይ ቦታ ሞክረው ይጥረጉት፤ ከዚያም በጥላ ያድርቁት። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ታኮው ወደ አንድ ጎን ሲያልቅ ቶሎ ለጫማ ሠሪ ይስጡት፤ አለዚያ ሶሉንም አካሄድንም ያጣምማል።

በመጨረሻም አንድ ነገር እናስታውስዎ። ለወላጅዎ ጫማ ሊገዙ ካሰቡ አብረዋቸው ይሂዱ። መሄድ ካልቻሉ ቀትር ካለፈ በኋላ ነጭ ወረቀት ላይ አቁመዋቸው የሁለቱንም እግር ዙሪያ በእርሳስ ይሳሉ፤ ወረቀቱን ይዘው ይግዙ። ከውጭ አገር ጫማ የሚልክልዎ ዘመድ ካለም ቁጥር ብቻ ከመንገር ይህንኑ ልኬት በሣንቲ ሜትር ይላኩለት። የእድሜ መግፋት እግርን ስለሚያሰፋና ስለሚያስረዝም የዛሬ አሥር ዓመቱ ቁጥር ዛሬ አይሠራም።

አባባ ዛሬ የሚያደርጉት ጫማ ራሳቸው ቆመው ተለክተው የተገዛ፣ ጣቱ ሰፋ ያለ 42 ቁጥር ነው። የድሮውን 41 ለማንም አልሰጠነውም። ለማየት ያምር ነበር፤ የአባታችንን ጣት ግን ሊያስቆርጥ ምንም አልቀረውም ነበር።