አቋራጩን ከነምክንያቱ እናስተምር

እንደሚታወቀው ሒሳብ በብዙ ተማሪዎች ዘንድ ገና ስሙ ሲጠራ የሚፈራ ትምህርት ነው። ሰሞኑን በእኛ በዕጩ መምህራን መካከል ክርክር ያስነሣው «የቬዳ ሒሳብ» የተባለው የቃል ስሌት ዘዴም ይህን ፍርሃት ለማስወገድ ከሚደረጉት ጥረቶች አንዱ ነው። ገሚሶቻችን «ለማስተማር ልምምድ ስንወጣ ይኸን ይዘን ብንገባ ክፍሉ ሁሉ ያጨበጭብልናል» እንላለን። ገሚሶቻችን ደግሞ «የጨዋታ ዘዴ ነው፤ ልጁን ያሰንፈዋል» ብለን እንቃወማለን። ታዲያ ጭብጨባው ካለቀ በኋላ ተማሪው እጅ ላይ ምን ይቀራል? ዋናው ጥያቄ ይኸ ይመስለናል።

በመጀመሪያ ነገሩን ከሥሩ እንመልከት። «የቬዳ ሒሳብ» የተባለው መጽሐፍ በእንግሊዝኛ የታተመው በ1965 እ.ኤ.አ. ነው። ጸሐፊው ብሃራቲ ክሪሽና ቲርታ በህንድ አገር በፑሪ የሂንዱ ሃይማኖት መሪ የነበሩ፣ ሒሳብም የተማሩ ሰው ናቸው። ያረፉት በ1960 እ.ኤ.አ. ስለሆነ መጽሐፋቸውን ታትሞ አላዩትም። ዘዴውን በ16 አጫጭር ሕጎች አጠቃለው፣ ምንጩ ጥንታዊዎቹ የቬዳ መጻሕፍት ናቸው ብለዋል። ነገር ግን ኤስ. ጂ. ዳኒን የመሳሰሉ የህንድ የሒሳብ ሊቃውንት ሕጎቹ በሚታወቁት የቬዳ መጻሕፍት ውስጥ እንደማይገኙ ጽፈዋል። ስለዚህ ለተማሪ «የብዙ ሺህ ዓመት ምስጢር ነው» ብሎ መንገር አይገባንም። ህንዶች እኮ በሒሳብ ታሪክ ያላቸው ክብር ማጋነን የሚያስፈልገው አይደለም፤ ብራህማጉፕታ የዜሮን የስሌት ደንቦች የጻፈው በ628 እ.ኤ.አ. ነው።

አሁን ወደ ዘዴው እንግባ። 97 ሲባዛ በ96 ስንት ነው? እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች ሰዓት ስንቆጥር «ለሦስት ሰዓት አምስት ጉዳይ» እንላለን። ይህንኑ ወደ ቁጥር እናምጣው። 97 ማለት ለመቶ 3 ጉዳይ ነው፤ 96 ማለት ለመቶ 4 ጉዳይ ነው። ከ97 ላይ የሌላውን ጉዳይ 4ን ስንቀንስ 93 ይሆናል። ሁለቱን ጉዳዮች ስናባዛ 3 ጊዜ 4 12 ነው። ጎን ለጎን ሲጻፉ 9312፤ መልሱ ይኸው ነው።

ለምን? 97 ጊዜ 100 ቢሆን ኖሮ 9700 በሆነ ነበር። ነገር ግን 96 ስለሆነ በእያንዳንዱ 4 ይጎድላል። 97 ጊዜ 4 ደግሞ ለ400 12 ጉዳይ ነው። ከ9700 ላይ 400 ስንቀንስ 9300 ይቀራል፤ አብልጠን የቀነስነውን 12 ስንመልስ 9312 ይሆናል። እንግዲህ አስማት የት አለ? ያለው የቤት ዋጋ ብቻ ነው፤ 93ቱ በመቶ ቤት ተቀምጠዋል፣ 12ቱ በአሥርና በአንድ ቤት።

ይህን ምክንያት ያልተነገረው ተማሪ ምን ይደርስበታል? 98 ጊዜ 99 ሲሰጠው 97 ይጽፍና ከጎኑ 2 አስቀምጦ 972 ይላል። ትክክለኛው 9702 ነው። 88 ጊዜ 87 ሲሰጠው ደግሞ 75 ይጽፍና የ12 እና የ13ን ብዜት 156ን አጠገቡ ገትሮ 75156 ይላል። የ156 መቶ ወደ 75 ተደምሮ 7656 መሆን እንዳለበት ማን ነገረው? የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይኸ ነው።

ሌላ ምሳሌ እንጨምር። 35 ጊዜ 35 ሲባል «3ን ከሚቀጥለው ከ4 ጋር አባዛ፣ 12፤ ከኋላው 25 ጻፍ፣ 1225» ይባላል። ልክ ነው። 30 ጊዜ 30 አለን፤ 5 ጊዜ 30 ሁለቴ ሲመጣ 10 ጊዜ 30 ይሆናል፤ ተደምሮ 40 ጊዜ 30፣ ማለትም 1200 ነው። የቀረው 5 ጊዜ 5 ነው። ይህን የተረዳ ልጅ አቋራጩ ለ35 ጊዜ 45 እንዳለ እንደማይሠራ ራሱ ያውቃል። ያልተረዳው ግን ባገኘው 5 ሁሉ ላይ 25 ይለጥፋል።

«ዛሬ በየስልኩ ማስሊያ አለ፤ ይኸ ሁሉ ድካም ለምን?» የሚሉ ጓደኞች አሉን። ማስሊያ የተነካውን ቁጥር ያሰላል እንጂ የታሰበውን አያውቅም። ባለ 98 ብር ዕቃ 6 የገዛ ሰው ለ600 12 ጉዳይ፣ 588 መሆኑን በልቡ ካወቀ፣ ሻጩ ቁጥር ተሳስቶ ቢነካ ወዲያው ይነቃል። ጉሊት የምትቸረችር እናትም እርሳስ ሳትይዝ በልቧ አስልታ መልስ ትመልሳለች።

«ክፍሉ ሞልቶ፣ ክፍለ ጊዜው አጭር ሆኖ ምክንያት ማስረዳት ከየት ይመጣል?» የሚለው ተቃውሞ ግን ቀላል አይደለም። ሆኖም ምክንያቱን ዛሬ ያላስረዳ መምህር ነገ 972ን ሲያርም ይውላል። «ዝም ብለህ ያዘው» እየተባልን ስንቶቻችን ነን 12ኛ ክፍል የደረስነው? ይኸንኑ ቃል ለልጆቹ ካስተላለፍን የቬዳ ሒሳብም ሌላ ሽምደዳ ከመሆን አያልፍም።

ስለዚህ የሚከተለውን ሐሳብ እናቀርባለን። አንደኛ፣ የተለመደው የማባዛት ሥርዓትና የቤት ዋጋ በደንብ ሳይታወቅ አቋራጭ አይሰጥ። ሁለተኛ፣ አንድ አቋራጭ ስናስተምር ምክንያቱንና የማይሠራበትን ቦታ አብረን እናስተምር። ሦስተኛ፣ ተማሪው ባቋራጭ ያገኘውን መልስ በተለመደው መንገድ እንዲያረጋግጥ እናድርግ፤ በተለመደው መንገድ ያገኘውንም ባቋራጭ።

ውድ ዕጩ መምህራን ጓደኞቻችን! ጠመኔ ይዘን ሰሌዳ ፊት የምንቆመው ልጆች በእኛ ፍጥነት እንዲደነቁ ሳይሆን በራሳቸው አእምሮ እንዲተማመኑ ነው። «ለምን?» ብሎ እጁን ለሚያወጣ ልጅ መልስ ይዘን እንግባ።